ምርጫ የሌለበት ምርጫ፤ ሲኒማ ስለሚመስሉ የቪዲዮ ጨዋታዎች

በጉራጌ ዞን ዋና ከተማ በወልቂጤ፥ እንደዚሁም ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በቡታጅራ፥ ከአውራው መንገድ ገባ ብሎ መጋረጃ የተጋረደባት ጠባብ ክፍል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በውስጧ ወጣቶች ሒሳብ እየከፈሉ በፕሌይስቴሽን የእግር ኳስ ይጫወታሉ። አባቶች በዚያ ሲያልፉ ራሳቸውን ነቅንቀው «ሥራ ፈቶች» ይላሉ፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። ዳሩ ግን ከነዚህ ወጣቶች አንዳንዱ ነገ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ሠሪ ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ይሰጣል፤ በአዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከአሳዳጅ የምትሸሽ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቶ፥ ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያዊ እጅ የማይከብድ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ የሚያከራክረው ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው አይደለም፤ ምን ዓይነት ይሠራ የሚለው ነው።

ከዓይነቶቹ ሁሉ ወጣቶችን አብልጦ የሚማርከው ሲኒማ የሚመስለው ነው። ይኸውም ተመልካቹ ታሪኩን እንደ ፊልም እያየ ሳለ፥ ፊልሙ በመካከል ቆሞ «ባለታሪኩ ይናገር ወይስ ዝም ይበል?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ቍልፍ ተጭኖ ይመልሳል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ ስም ከሚወጣው ሥራ የሚበዛው ተመልካቹን መራጭ አደረግሁህ እያለ ያታልለዋል፤ ማታለሉም ከመሠረቱ ጀምሮ የነበረ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን፥ ራዱዝ ቺንቼራ የተባለ የቼኮስሎቫኪያ ሰው «ኪኖአውቶማት» የሚባል ሲኒማ አሳየ። አዳራሹ 127 መቀመጫ ነበረው፤ በእያንዳንዱም መቀመጫ አረንጓዴና ቀይ ቍልፍ ተተክሎበት ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው የሚነድ ቤት በማሳየት ነው፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ እሳቱ እንዴት እንደ ተነሣ ይተርካል። በየመካከሉ ይቆማል፤ ሕዝቡ ድምፅ ይሰጣል፤ የበዛው ድምፅ የፈቀደው ይታያል። ነገር ግን ሁለቱ መንገዶች ጥቂት ከተለያዩ በኋላ ተመልሰው ይገጥማሉ፤ ሕዝቡ ምንም ቢመርጥ ቤቱ ይነድዳል። ቺንቼራ ይህን ያደረገው አውቆ ለስላቅ ነው፤ ከርሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ግን ስላቁን ትተው ተንኰሉን ብቻ ወረሱ።

በ1983 ዶን ብሉዝ በሥዕል ያስጌጠው «ድራገንስ ሌር» የተባለው ጨዋታ ወጣ። ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነበር። የተጫዋቹ ሥራ ግን ሠሪው በወሰነው ቅጽበት፥ ሠሪው ወደ ወሰነው ወገን፥ እጁን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ቢሳሳት ይሞታል፤ ደግሞም ይጀምራል። ይህ የቃል ጥናት እንጂ ምርጫ ሊባል አይችልም፤ የመምህሩን አለንጋ እያየ ፊደል ከሚቈጥር ሕፃን ሥራም አይለይም። (ሕፃኑስ በመጨረሻው ማንበብ ያውቃል።)

ሠሪዎቹ እንዲህ የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ ሒሳቡ ያስገድዳቸዋል። አንድ ታሪክ አሥር ጊዜ በሁለት በሁለት ቢከፈል መጨረሻው 1,024 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚቀረጸው ትዕይንት ደግሞ 2,047 ይደርሳል። እያንዳንዱ ትዕይንት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 68 ሰዓት የሚያህል ፊልም ያስፈልጋል፤ ተመልካቹ ግን በአንድ ጨዋታ የሚያየው 22 ደቂቃውን ብቻ ነው። ይህን ወጪ ባለጸጋ ኩባንያ እንኳ አይሸከመውም። ስለዚህ መንገዶቹን መልሶ ያጋጥማቸዋል።

«ቢገናኙ ምን ነውር አለው? የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህርስ አንድም አንድም እያለ ቅርንጫፍ ካበዛ በኋላ ወደ ንባቡ ይመለስ የለምን?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። መምህሩ በእውነት ይመለሳል። ነገር ግን ደቀ መዝሙሩ ወደዚያው ንባብ ሲመለስ አስቀድሞ ያልነበረውን ይዞ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ በመገናኘቱ ሳይሆን በመርሳቱ ነው። አንድ ጊዜ የተቀረጸ ፊልም ለዋሸውም ላልዋሸውም አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ግን የማስታወስ ሀብት አለው። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ትዕይንት ቢዋሽ፥ በአምስተኛው ትዕይንት ሽማግሌው ሊጠራጠረው፥ ጎረቤቱም ሰላምታውን ሊያሳጥርበት ይገባል። በፈረንሳይ የሚገኘው ኳንቲክ ድሪም በ2010 ባወጣው «ሄቪ ሬይን» ከአራቱ ባለታሪኮች ማናቸውም ቢሞት ታሪኩ ያለ እርሱ ይቀጥላል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። በ2014 የወጣው «80 ዴይስ» ደግሞ ፊልም ሳያስፈልገው፥ በጽሑፍና በሥዕል ብቻ ተጫዋቹን ዓለምን ያዞረዋል።

የወልቂጤና የቡታጅራ ወጣት የውጭውን ፊልም ከመቅዳቱ በፊት በእጁ ያለውን ቢመለከት ይሻለዋል። ከጉራጌ አገር የተገኙት ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉት የሽነጋ መንደር ታሪክ በ1964 በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻም በእንግሊዝኛ «አፈርሳታ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ የአገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ ያቃጠለው ግን አይገኝም።

በሞንትሪያልም በጉራጌም ታሪኩ የሚጀምረው ከቃጠሎ ነው። በሞንትሪያል ሕዝቡ የሚጠየቀው አስቀድሞ የተወሰነውን ነገር ነው፤ ቤቱ መንደዱ አይቀርምና ድምፁ ከንቱ ነው። በአፈርሳታ ግን እሳቱን እለውጣለሁ የሚል የለም። የሚጠየቀው እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ነው፤ ይናገር? ዝም ይበል? ወፍ ነገረኝ ብሎ ይሸሸግ? የተናገረው ቃል ከጎረቤቱ ያጣላዋል፤ የሸሸገውም በኋላ ይወጣበታል። ታሪኩ ሺህ መጨረሻ አያስፈልገውም፤ አንዱ መጨረሻ በሃያ ልዩ ልዩ ልብ ሊደረስበት ይችላል።

ይህን ለመሥራት ተዋናይ መቅጠር ግድ አይደለም። የጀፎረው ሥዕል፥ የእንሰቱ ጓሮ፥ የጎጆው ውስጥ፥ ከዚያም ድምፅ ይበቃል። ድምፁን የሚሰጡትም በመጋረጃው ደጅ ራሳቸውን ነቅንቀው ያለፉት አባቶች ናቸው፤ ሸንጎ እንዴት እንደሚከፈት፥ ነገር እንዴት እንደሚጠመዘዝ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና። «በየትኛው ጉራጊኛ?» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። የቸሃው ልጅ በቸሃ፥ የመስቃኑም በመስቃን ይጀምር፤ የአማርኛው ጽሑፍ ከሥር ይከተል።