ቀለም ለተቀየረ አውሬ ስንት ዕድሜ ይከፈላል?

አንድ ሰው አንዱን በር ስምንት ሺህ ጊዜ ሲከፍትና ሲዘጋ ብታገኘው፣ ምክንያቱን ብትጠይቀውም «ከበሩ የሚወጣው አውሬ አንድ ቀን አረንጓዴነቱ ቀርቶ ቢጫ ሆኖ ይመጣል» ቢልህ፣ ጤንነቱን አትጠራጠርምን? ይህንኑ ሥራ አንድ ልጅ በእጁ በያዛት መስኮት ላይ ሲሠራው ግን «ይጫወት፣ ልጅ ነው» ብለን እናልፋለን። እንዲህ ማለፋችን ትክክል ነውን?

የምናገረው ፖኪሞን ስለተባለው ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው በጃፓን አገር በየካቲት ወር 1996 እ.ኤ.አ. ጌም ቦይ ለተባለችው የእጅ መጫወቻ ወጣ። ስሙም «የኪስ አውሬዎች» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠረ እንጂ፣ በየመንደሩ እንደተወራው የተደበቀ ስድብ የለበትም። ያልሆነውን ሆነ ብሎ መዋጋት እውነተኛውን ክርክር ያበላሻልና ይህን አስቀድመን እንተው። የጨዋታው ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው ማቺዳ ጥንዚዛና ሌሎች ነፍሳትን የሚሰበስብ ልጅ ነበር። ሐሳቡም የመጣለት ከዚያ ነው። አውሬዎቹ 151 ሲሆኑ፣ የመጨረሻው፣ ሚው የተባለው፣ በጨዋታው ውስጥ ተደብቆ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የሕፃናት መጽሔት ሚውን ለ20 ልጆች በዕጣ እንደሚሰጥ ቢያስታውቅ 78 ሺህ ያህል አመልካች ጎረፈ። ነጋዴው ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተረድቷል፤ ይኸውም ሕፃን የሚቸኩለው ለሚጠቅመው ሳይሆን ለሚቸግረው ነገር መሆኑን ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. «ጎልድ» እና «ሲልቨር» የተባሉት ክፍሎች ሲወጡ «ሻይኒ» የሚባል አውሬ መጣ። ሻይኒ ማለት መልኩም ስሙም እንደ ሌሎቹ ሆኖ ቀለሙ ብቻ የተለየ ማለት ነው። አውሬ ባጋጠመህ ቁጥር ሻይኒ የመሆኑ ዕድል ከ8192 አንድ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ከ4096 አንድ ተደረገ። ብልሃቱን ተመልከት! በነዚያ በ1999ዎቹ ክፍሎች አንድ ቀይ ጋራዶስ በሐይቅ ውስጥ ለተጫዋቹ ሁሉ ያለ ዕጣ ይቀርብለታል። የመጀመሪያዋ ጉርሻ በነፃ ናት፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕጣ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አውሬዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ለጨረሰ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት ምን ይመስልሃል? የሻይኒን ዕድል የሚጨምር ክታብ! የፍለጋው ደመወዝ ሌላ ፍለጋ ሆነ ማለት ነው።

እስቲ እናስላ። ለአንድ ግጥሚያ 20 ሰከንድ ብንይዝ፣ 8192 ግጥሚያ ከ45 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጁ «8192 ከሞላ በኋላ የግድ ይወጣል» ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን ዕጣው ያለፈውን አይቆጥርም። አንድ መቶ ልጆች እያንዳንዳቸው 8192 ጊዜ ቢሞክሩ 37 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ለእነርሱም ቀጣዩ ሙከራ እንደ መጀመሪያው ሁሉ ከ8192 አንድ ነው። «አሁን ቀርቧል» የሚለው ስሜት ቁማርተኛን ከጠረጴዛው የማያስነሳው ያው ስሜት ነው።

«ትዕግሥት ያስተምራል» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ያለ መልስ ሊታለፍ አይገባውም። ገበሬ ይታገሣል፤ ነገር ግን ያርሳል፣ ያርማል፣ ይጠብቃል፤ ምርቱም ከድካሙ ጋር ዝምድና አለው። ቁርኣን የሚሐፍዝ ልጅ አንዱን አንቀጽ መቶ ጊዜ ቢደግም መቶኛው ከመጀመሪያው ይቀልለዋል። የሻይኒ ፈላጊ ግን ስምንት ሺኛው ሙከራው ከመጀመሪያው በምንም አይሻልም። ድካም የማያሻሽለውን ነገር መጠበቅ ሰብር ሳይሆን መደንዘዝ ነው።

«ታዲያ ሐራም ነው ልትል ነው?» ትለኝ ይሆናል። በ2001 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዓረቢያ ጨዋታውና ካርዶቹ እንደተከለከሉ፣ ከምክንያቶቹም አንዱ ቁማርን መምሰሉ እንደነበር ይታወቃል። ፍርዱን ለዑለማዎች እንተው። እኛ ግን ነገሩን ለያይተን እንየው። ጨዋታው አንድ ጊዜ ተገዝቶ ሻይኒ ሲፈለግ የሚጠፋው ጊዜ እንጂ ተጨማሪ ገንዘብ አይደለም፤ ይህን ቁማር ማለት ቃሉን ማርከስ ነው። በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ፖኪሞን ጎ ግን ከውስጡ የሚወጣው የማይታወቅ እንቁላል አለ፤ ማስፈልፈያውም በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። የታሸጉት ካርዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ልጁ የሚከፍለው ለካርዱ ሳይሆን «ምናልባት» ለምትል ቃል ነው። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. በሌሎች ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚሸጡ የዕጣ ሣጥኖችን ቁማር ናቸው ብሏል። ያ ሰው ሙስሊም ስለሆነ አይደለም ያለው፤ ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው። ሁለቱን ግን አንድ ገመድ ያስተሳስራቸዋል፤ በነፃው ዕጣ የሠለጠነ ጣት ለሚከፈልበት ዕጣ እንግዳ አይሆንም።

ወላጅ ሆይ! መጫወቻውን ቀምተህ መወርወር ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ነገ ከጎረቤት ያገኘዋል። ይልቅስ አጠገቡ ተቀመጥና «እስካሁን ስንት ቆጠርክ?» በለው። እርሳስና ወረቀት ስጠውና ሰዓቱን ራሱ ያስላ። ቀጥለህም ይህን ንገረው፦ በሜዳ ላይ ያለ ጥንዚዛ ብርቅ ቢሆን የሚበላው ቅጠል፣ የሚኖርበት ዛፍ፣ የሚወጣበት ወቅት አለውና ነው፤ ምክንያቱን የመረመረ ልጅ ዕውቀት ያገኛል። የሻይኒ ብርቅነት ግን ቢሮ የተቀመጠ ሰው 8192 ብሎ ስለጻፈ ብቻ ነው። ያ ሰው 10 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

የጨዋታው ፈጣሪ ራሱ ልጅ ሳለ ወደ ሜዳ ነበር የወጣው። የኛን ልጆች ወደ መስኮቷ ብቻ የምንመልሳቸው ለምንድን ነው?