ፕራይቬት ትምህርት ቤት ወይስ አስጠኚ? ከመክፈላችሁ በፊት የልጁን እንቅልፍ ቁጠሩ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አይደለም። ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ አንድ ጥያቄ ነው። "ዶክተር፣ ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ይገባል። ፕራይቬት ላስገባው ወይስ አስጠኚ ልቅጠርለት?" ይሉኛል። ጥያቄው የሚበዛው በታኅሣሥና በጥር ነው። ምክንያቱን የጅማ ሰው ያውቀዋል፤ ቡና ተሽጦ እጅ ላይ ብር የሚገኘው ያኔ ነው። ብሩ ሳያልቅ ለልጅ የሚሆነውን መወሰን ይፈለጋል።

የወላጁ ጭንቀት ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትን ሁላችንም አይተናል። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ከስምንተኛ በኋላ ኢፋ ቦሩ ወይም አዳማ ያለው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት ቢያስገባ ደስ ይለዋል። ቦታው ግን ጥቂት ነው፣ የሚፈልገው ብዙ ነው። ስለዚህ ሩጫው ገና ከሰባተኛ ክፍል ይጀምራል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። አንዲት እናት ከአጋሮ የ14 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። "ራሴን ያመኛል ይላል፤ ክፍል ውስጥም ያንቀላፋል። አስጠኚ ከቀጠርንለት ወዲህ ውጤቱ ጭራሽ ወረደ። ጅማ ቤት ተከራይቼለት ፕራይቬት ላስገባው ነው" አሉኝ።

ልጁን "ስንት ሰዓት ትተኛለህ?" አልኩት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤት ያግዛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አስጠኚ ጋ ነው። ከዚያ የትምህርት ቤቱን የቤት ሥራ፣ ቀጥሎ ደግሞ የአስጠኚውን ይሠራል። ሲተኛ እኩለ ሌሊት ይሆናል፤ 11 ሰዓት ላይ ለጥናት ይቀሰቀሳል። አምስት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው! በዚህ ዕድሜ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ አቁሜ የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ አስነበብኩት። ከላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች አንብቦ ቆመ። ልጁ ረጅም ስለሆነ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ኋላ ወንበር ላይ ነው። ሰሌዳው አይታየውም፤ የጓደኛውን ደብተር ነው የሚገለብጠው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ ነበር የመሰለው።

እንግዲህ አስቡት። ፕራይቬት ቢገባም ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። አስጠኚ ቢጨመርለትም እንቅልፉ ይቀነስ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ያስፈለገው መነጽርና እንቅልፍ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው። ለትምህርት ቤትም ለአስጠኚም ከመክፈላችሁ በፊት ልጁን አስመርምሩ። ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ የደም ማነስ እንዳለበትና የአንጀት ትላትል እንዳለበት አስዩ። ቁርስ በልቶ እንደሚሄድም አረጋግጡ። የደም ማነስ ያለበት ልጅ ይደክመዋል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ ሰው ግን "ሰነፍ" ይለዋል። የወር አበባ ያዩ ልጃገረዶች ላይ ይህን በተለይ አትርሱ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፣ ሁለቱንም አትደርቡ።

ልጃችሁ አሁን ያለበት ትምህርት ቤት መምህራኑ በሰዓቱ የሚገቡና የሚያስተምሩ ከሆነ፣ መንግሥትም ይሁን የግል፣ እዚያው ይቆይ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስጠኚ ጨምሩለት። ለብቻው መሆን የለበትም። ጥናቶችን የሚያሰባስበው የእንግሊዙ ኤዱኬሽን ኢንዶውመንት ፋውንዴሽን ግምት እንደሚለው፣ አንድ ለአንድ ማስጠናት በአማካይ የ5 ወር፣ በትንሽ ቡድን ማስጠናት ደግሞ የ4 ወር ያህል ተጨማሪ እድገት ያመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሦስት አራት ጎረቤታሞች ተሰብስባችሁ አንድ ጎበዝ አስጠኚ ብትቀጥሩ ወጪውን ትካፈላላችሁ።

ትምህርት ቤቱ ግማሹን ቀን መምህር የማይገባበት ከሆነ ግን ማታ የሚመጣ አስጠኚ ያንን ጉድጓድ አይሞላውም። አቅም ካላችሁ ትምህርት ቤት ቀይሩ። ከቀየራችሁ ደግሞ የማታውን አስጠኚ ተዉት። በተለይ የእንግሊዝኛውን ነገር ጠይቁ፤ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳብና ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ይሆናልና።

"መቶ በመቶ አሳልፈናል" የሚለውን ማስታወቂያ አይታችሁ ብቻ አትወስኑ። ጎበዞቹን በፈተና መርጦ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ጎበዞችን ቢያወጣ አይገርምም። መካከለኛ የነበረውን ልጅ የት አደረሰው? መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

አስጠኚ ስትቀጥሩም እነዚህን ሦስት ነገሮች እዩ፦

1. የልጁን የፈተና ወረቀት አይቶ ከተሳሳተበት ይጀምራል ወይስ የራሱን ሃንዳውት ብቻ ያነባል?
2. ቀን ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው መምህር ራሱ ከሆነ ጠርጥሩ። ቀን ያልተናገረውን ማታ በክፍያ የሚናገር ከሆነ ሁለት ጊዜ እየከፈላችሁ ነው።
3. ጥናቱ ሳሎን ውስጥ፣ በር ተከፍቶ፣ ቤተሰብ ባለበት ይሁን። ይህ ለሴት ልጅም ለወንድ ልጅም ነው። በጨለማ ብቻዋን የምትመለስ ልጅ አትኑር።

ከሊሙ ገነት፣ ከአጋሮ ወይም ከየቡ ልጃችሁን ጅማ ልትልኩ ያሰባችሁ፣ ዘመድ ቤት ከሆነ መልካም። የ14 ዓመት ልጅ ለብቻው ቤት ተከራይቶ ይኑር የሚለውን ግን እንደ ሐኪም አልደግፍም። ማን ያበላዋል? ሲያመው ማን ያውቃል? "ለጥናት ነው" ተብሎ ጫት ሲቀርብለትስ ማን አለ?

በጫቱ ጉዳይ እኛ ጅማዎች አንሸዋወድ። በምርቃና ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ልጅ የተማረ ይመስለዋል። ነገር ግን እንቅልፉ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ በማግስቱ ድብርትና ድካም ይመጣል። ቀን የተጠናው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ማታ የሚጠጣ ቡናም እንዲሁ ነው። ካፌይኑ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ አለ።

"ዶክተር፣ አንተ የራስህን ልጅ የት ነው የምታስተምረው?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነቱን ልናገር። ፕራይቬት ነው። አምና ደግሞ አስጠኚም ጨምሬባት ነበር፣ በሳምንት አምስት ቀን። ሁለቱንም አትደርቡ የምላችሁ እኔ ደርቤ ስላየሁት ነው። ማታ ማታ ቡና ከጀበናው እየቀዳች እንደምትጠጣ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር መጫወት እንዳቆመች አላስተዋልኩም። ለሰው ልጅ እንቅልፍ የማዝ ሐኪም፣ የራሴ ልጅ ክፍል ውስጥ እንደምትተኛ የሰማሁት መምህሯ ደውላልኝ ነው። ስጠይቃት "አባ፣ ካላለፍኩ ታፍርብኛለህ ብዬ ነው" አለችኝ። እንዲህ ብያት አላውቅም። ግን ማታ ማታ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ስንት አመጣሽ?" ነበር። አስጠኚውን ወደ ሁለት ቀን ቀነስን፣ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ውጤቷ ትንሽ ተሻሻለ፤ ተአምር አልሆነም። ሳቋ ግን ተመልሷል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮሪያዋ ሶል የማስጠኛ ተቋማት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ ተከልክለዋል። ቻይናም በ2021 እ.ኤ.አ. በመደበኛ ትምህርቶች ለትርፍ ማስጠናትን አግዳለች። እኛ ጋ መንግሥት እስኪከለክል አንጠብቅ፤ መብራቱን የምናጠፋው እኛው ነን።

የመጨረሻው ቃሌ ለወላጆች ነው። ልዩ ትምህርት ቤት ከሚፈተኑት አብዛኞቹ አይገቡም፤ ቦታ ስለሌለ ነው። ስለዚህ ከፈተናው በፊት፣ ዛሬ ማታ፣ ለልጃችሁ "ብትገባም ባትገባም ልጄ ነህ፣ ሌላ መንገድ አለን" በሉት። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ከሰው የራቀ፣ "ምን ዋጋ አለኝ" የሚል ልጅ ካያችሁ ደግሞ "ፈተናው ይለፍ" ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም አምጡት።

የአጋሮዋ እናት ቤቱን አልተከራዩም። መነጽር ገዙ፣ ልጁ ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጥ መምህሩን አነጋገሩ፣ አስጠኚውንም ወደ ሦስት ቀን ቀነሱ። ልዩ ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ ገና አልታወቀም። ራስ ምታቱ ግን ለቆታል፣ ሰሌዳውም ይታየዋል።

እናንተስ ቤት ልጆች ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ጻፉልኝ። ልጁን ለፈተና ለሚያዘጋጅ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።