የደም ካንሰር፦ ቀደር ነው ብለን እጃችንን አንሰብስብ



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ጁሙዓ፣ ከሰላት በኋላ፣ ከታች ጋይንት የመጣ ወንድማችን ተነሥቶ ስለ ትንሽ እህቱ ነገረን። ልጅቱ የሰባት ዓመት ናት። መጀመሪያ ትኩሳት ያዛት፣ ቀጥሎ ይነስራት ጀመር፣ ከዚያ ማንም ሳይመታት ሰውነቷ ይበልዝ ጀመር። ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደች፤ አልተሻላትም። ዓይን ነው ተብሎ ሩቅያ ተደረገላት፤ ቤተሰቡም ይሻላታል እያለ ሁለት ወር ጠበቀ። በመጨረሻ ሆስፒታል ስትደርስ በሽታዋ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው።

በዚያው ቀን ገንዘብ አዋጣን፣ ዱዓም አደረግን፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ወንድማችን ከገንዘቡ አስቀድሞ የጠየቀን ደም ነበር። ደም ልንሰጥ የሄድነው አምስት ብቻ ነን። ሌሎቻችን «ምን ይደረጋል፣ ቀደር ነው» እያልን ወደየዶርማችን ተመለስን። «ይተላለፋል እንዴ?» ብለን የጠየቅንም ነበርን።

ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ ነው። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው፤ የስንፍናችን መሸፈኛ እንዲሆን ግን መፍቀድ የለብንም። ለዚህም መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ ብናውቅ ይጠቅመናል።

ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች ደግሞ ከ8 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። ያለቀውን ለመተካት መቅኔያችን በየቀኑ ወደ 200 ቢሊዮን የሚጠጉ ቀይ ሕዋሳትን ብቻ ያመርታል፤ ነጩና ፕላትሌቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሥራ ያለ ሥርዓት አይሆንም። እያንዳንዱ ጨቅላ ሕዋስ መቼ እንደሚከፈል፣ መቼ መከፈሉን አቁሞ እንደሚበስል፣ ሥራውን ሲጨርስም መቼ እንደሚሞት ትእዛዝ አለው።

ትእዛዙ ያለው በዘረ መላችን ውስጥ ነው። የሚገርመው፣ የዓይናችንም የጉበታችንም ሕዋስ የያዘው ጽሑፍ ከነጭ የደም ሕዋስ ጽሑፍ ጋር አንድ መሆኑ ነው። የሚለያቸው የትኛው ክፍል እንደሚነበብና የትኛው ተዘግቶ እንደሚቆይ ነው። ቁርኣን ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም። በሙስሐፉ ላይ ከፊደሎቹ ከፍ ብለው የተቀመጡ ትንንሽ የወቅፍ ምልክቶች አሉ። ትንሿ ሚም ካለች መቆም ግድ ነው፤ «ላ» ካለች እዚያ ላይ አይቆምም። አንዲት ፊደል ሳትነካ፣ ማቆሚያው ቦታውን ቢስት ብቻ ትርጉም ይፋለሳል። ብዙዎቻችን የመጣንበት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገርም በቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት የታወቀ ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እዚያ ዓመታት የሚደክሙት ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን እንደ ይዘት፣ ድፋትና ቁርጥ ያሉ ምልክቶች ጠንቅቀው ለማወቅ ጭምር ነው። ምሳሌው ለማስረዳት ያህል ነው፤ ሕዋሳችንም «እዚህ አንብብ፣ እዚህ ቁም» የሚሉት ምልክቶችና እነዚያን ምልክቶች የሚያዝዙ ዘረ መሎች አሉት።

ሉኪሚያ የሚጀምረው ይህ አነባበብ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲበላሽ ነው። ለምሳሌ ራንክስ 1 የሚባለው ዘረ መል የደም ሕዋሳትን ብስለት ከሚመሩት አንዱ ነው። በሕፃናት ሉኪሚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሚታዩት ለውጦች መካከል ይህ ዘረ መል ተቆርጦ ከሌላ ክሮሞዞም ቁራጭ ጋር መጣበቁ ይገኝበታል። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ እንደ ቴት 2 ያሉ፣ በዘረ መል ላይ ያሉትን ምልክቶች በማንሣት ሥራ የሚሳተፉ ዘረ መሎች የሚበላሹበት ጊዜ አለ። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ውጤቱ ይመሳሰላል፤ ሕዋሱ «በቃ፣ ብሰል» የሚለውን ትእዛዝ አያነብም። ጨቅላ እንደሆነ ይከፈላል፣ ልጆቹም እንደዚያው፤ በመጨረሻ መቅኔውን ይሞሉታል። ለጤነኛው ሕዋስ ቦታ ሲጠፋ ቀዩ ያንሳል፤ ሰውየው ይገረጣል፣ ይደክመዋል። ፕላትሌቱ ያንሳል፤ ነስር፣ የድድ መድማትና በለዝ ይመጣል። ነጩ ቁጥሩ ቢበዛ እንኳ ያልበሰለ ወታደር ነውና ትኩሳትና ኢንፌክሽን ይመላለሳል። የትንሿ እህታችን ምልክቶች ሁሉ ከዚህ የመጡ ነበሩ።

እንግዲህ ስሕተታችንን እናርም። ሉኪሚያ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላትም፣ በመሳምም፣ በማስታመምም አይይዝም። በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስም አይደለም። ከባድ ጨረር፣ ቤንዚን የሚባለው ኬሚካልና ሲጋራ አደጋውን ከሚጨምሩት መካከል ናቸው፤ የብዙዎቹ ሕሙማን ለውጥ ግን በሕዋስ መከፈል ጊዜ የደረሰ ነው። ሐኪሙ «በአጋጣሚ» ሲል እኛ ቀደር እንላለን። ሁለታችንም የእናትየዋ ጥፋት ነው አንልም፤ የጎረቤት ዓይን ነው ብሎ ሰው መጠርጠርም ከሕመሙ በላይ መንደር የሚያፈርስ በደል ነው።

ይህን ማወቅ ለወሬ ብቻ የሚሆን ዕውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የቻይናው ሐኪም ዋንግ ዠንዪ በሻንግሃይ አንዲት የ5 ዓመት ልጅ አጋጠመቻቸው። የያዛት የሉኪሚያ ዓይነት ከሁሉም ፈጥኖ ከሚገድሉት አንዱ ነበር። ሐኪሙ ሕዋሱን ከመግደል ይልቅ እንዲበስል ለማድረግ ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመድ መድኃኒት ሰጧት፤ ልጅቷም ዳነች። ምክንያቱ በኋላ ሲጠና፣ የቫይታሚን ኤ ትእዛዝ ተቀባይ የሆነው ዘረ መል ከሌላ ጋር ተጣብቆ የብስለትን ንባብ ዘግቶት እንደነበር ታወቀ፤ መድኃኒቱ የተዘጋውን ይከፍታል። ዛሬ ይህ ዓይነት ሉኪሚያ በጊዜ ከተደረሰበት በብዛት ይድናል።

ሌላውም ምሳሌ ለአገራችን ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በፊላደልፊያ ኖዌልና ሀንገርፎርድ የሚባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ዓይነት ዘላቂ ሉኪሚያ ሕሙማን ላይ ከልክ ያነሰች ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጭ ተለዋውጠው እንደሆነ አሳዩ። ከዚያ መለዋወጥ የሚወለደውን፣ ሕዋሱን ያለማቋረጥ «ተከፈል» የሚለውን ፕሮቲን የሚያግድ ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን በ2001 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕሙማን ይህን መድኃኒት በዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል። በሀብታም አገሮች በጣም የተለመደው የሕፃናት ሉኪሚያ ከያዛቸው ከ10 ልጆች ወደ 9 የሚጠጉት ይድናሉ። ሕክምናው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፣ ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ እየተመላለሰ ለሚያሳክም ገበሬ ቀላል አይደለም። ግን «አይድንም» የሚለው ቃላችን ውሸት ነው፤ ይህ ውሸት ደግሞ ልጅን ሕክምናዋን ሊያስቋርጣት ይችላል።

«ታዲያ የተጻፈው አይቀርም» የሚል ወንድም ይኖራል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ነው የሚሸሹት ወይ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው። በሽታው ቀደር ከሆነ መድኃኒቱም፣ ሐኪሟም፣ እኛ የምንሰጠው ደምም ቀደር ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው ያዘዙት ቀደርን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሩቅያ ሱና ነው፤ በሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ሆኖ መቅራት ይቻላል። ልጅቷን ሁለት ወር ያስዘገያት ሩቅያው አይደለም፤ ሩቅያው ካለ ሐኪም ብቻውን ይበቃል ማለታችን ነው።

አሁን በእጃችን ያለውን እንመልከት። የሉኪሚያ ሕክምና ራሱ ለጊዜው የመቅኔን ምርት ስለሚያዳክም ሕመምተኛው በተደጋጋሚ ደምና ፕላትሌት ያስፈልገዋል። የተለገሰ ፕላትሌት ደግሞ ከ5 ቀን ያህል በላይ አይቀመጥም። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ተሰልፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ አይበቃም፤ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ የማይቋረጥ ጥቂት ሰው ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል፤ የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም። በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ለጋሹን እስካልጎዳ ድረስ ደም መለገስን ፈቅደዋል፤ የከለከሉት መሸጡን ነው።

ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ፈቃደኛ አባላት በ12 ቡድን እንከፈል፤ በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ቡድን ወደ ደም ባንክ ይሂድ፤ ሦስት ወር ሲሞላ ተራው ይመለስበታል። ለረመዳንና ግቢው ለሚዘጋበት ጊዜ አስቀድመን እናስብ፤ ተማሪው ሲበተን ደም የሚሰጠው ሰው ያንሳልና። የጤና ተማሪዎቻችን ደግሞ ለእረፍት ንፋስ መውጫም ሆነ መካነ ኢየሱስ ሲገቡ፣ የሰፈራቸውን ኢማም አስፈቅደው ከጁሙዓ በኋላ አሥር ደቂቃ ይናገሩ፦ የማይለቅ ትኩሳት፣ ነስርና ያለምክንያት የሚመጣ በለዝ አንድ ላይ ከታዩ ልጁን በቶሎ የደም ምርመራ ወዳለበት ውሰዱት ይበሉ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀድማ የሰማች እናት ሁለት ወር ታተርፋለች።

ትንሿ እህታችን አሁንም ሕክምና ላይ ናት። ወንድሟ በሚቀጥለው ጁሙዓ እንደገና ይነሣና ይጠይቀን ይሆናል። ያን ዕለት ከአምስት በላይ ሆነን እንገኝ።

አላህ (ሱ.ወ) ለእርሷም፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል በየአልጋው ላሉት ሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥ። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።