መቁጠር ነውር አይደለም



ሰሞኑን በመኝታ ቤቱም በምግብ ቤቱም አንድ ክርክር ተነሥቷል። ነገሩ የእግር ኳስ ነው። የኳስ ነገር ስለሆነ ብቻ እንደ ቧልት አይተው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን አናልፈውም፤ የክርክሩ ሥር ኳስ ሳይሆን ፍርድ ነውና። ሰው በምን ይመዘናል? መዛኙ ማን ነው? ሚዛኑንስ ማን መረመረው? ይህን ጥያቄ በኳስ ሜዳ ላይ በቅጡ መመለስ ያልቻለ ወጣት ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመልሰዋል ብለን አናምንም።

አንደኛው ወገን «ኳስ በዓይን ይታያል እንጂ በሒሳብ አይሰላም» ይላል። ተጫዋችን በአኃዝ መመዘን የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፤ ወኔ አይቆጠርም፤ ጥበብ አይደመርም፤ እያለ ይከራከራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ስልኩን ከኪሱ ያወጣና አንድ አኃዝ ጠርቶ «ይኸው፤ ነገሩ አለቀ» ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ከፊተኛው ወገን ጋር ያለን ጠብ ግን ይበልጣል፤ ምክንያቱንም እንናገራለን።

እኛ የደብረ ወርቅ ልጆች ነን። እግር ኳስን ከማወቃችን በፊት የምናውቀው ገናን ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘን ሩሯን ስናሳድድ ስንት ቅልጥም አበጠ! በገና ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል፤ ሜዳው ሁሉን እኩል ያደርጋልና። ነገር ግን በዚያ እኩል በሆነ ሜዳ ላይ እንኳ ፍርዱ እኩል አልነበረም። ሩሯን ከተቃራኒው ወሰን ያሳለፈው ሰው ስሙ ይነሣል፤ እልልታው የእርሱ ነው። ሩሯን ከዱላ ጫካ መካከል ፈልቅቆ ያወጣት ማን ነው? እየተመታ ለሯጩ ያቀበለው ማን ነው? ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ እግሩን በቅቤ የሚያሸው ያ ዝምተኛ ሰው ነው። የተመልካቹ ዓይን ሁሉ ሯጩን ተከትሎ ስለሄደ እርሱን ያየው የለም። «ዓይን አይሳሳትም» የሚሉን ወንድሞች እስቲ ይህን ይመልሱልን። ዓይን የሚያየው ሩሯ ያለችበትን ብቻ ነው።

ስሙን በማንጠራው አንድ ቡድን ውስጥ የሆነውንም እንንገራችሁ። መራጩ ሰው ልጆቹን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ አሰለፈና በዓይኑ መረጠ። ከተመረጡት የሚበዙት በቅጽል ስማቸው የታወቁ፣ ቁመታቸው የሚያስፈራ ወይም ከከተማ የመጡ ነበሩ። ከገጠር የመጣ አንድ የመሐል ተጫዋች፣ ኳስ እየነጠቀ ለጓደኛው የሚያቀብል ጭምት ልጅ፣ ሳይመረጥ ቀረ። ለምን ቀረ ብለን ብንጠይቅ «ለመሆኑ ስንት ጎል አለው?» ተባልን።

ልብ በሉ! በቁጥር አናምንም የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ቆጠሩ። የቆጠሩት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎልን። እንግዲያስ ክርክሩ በሚቆጥርና በማይቆጥር ሰው መካከል አይደለም ማለት ነው። ክርክሩ ጥቂት ቆጥሮ ብዙ በሚፈርድና ብዙ ቆጥሮ ተጠንቅቆ በሚፈርድ ሰው መካከል ነው።

እኛም አንድ ደብተር ገዛንና በመኝታ ቤቶች መካከል በሚደረገው ግጥሚያ ላይ ከሜዳው ዳር ተቀመጥን። ኳስ የነጠቀውን፣ የተነጠቀውን፣ ወደ ፊት ያቀበለውን፣ ከምቱ በፊት ኳሱን የነካውን ሁሉ በጭረት ጻፍን። የዚያ ልጅ ገጽ በጭረት ተሞላ። ከሁለትና ከሦስት ቅብብል በኋላ ጎል የሆነው ኳስ ብዙ ጊዜ የተነሣው ከእርሱ እግር ነበር። ደብተሩ ለእኛም አላደላም። ከመካከላችን በአብዶ የሚመሰገን፣ እኛም የምንኮራበት ጓደኛችን፣ ከማንም ይልቅ ኳስ የሚያስነጥቅ ሆኖ ተገኘ። ዓይናችን ሲወደው ኖሯል፤ ደብተሩ ግን አላወቀውም። ያን ዕለት ማታ ተጣላን፤ በማግሥቱ ታረቅን፤ ከዚያ ወዲያ ጓደኛችን ኳስ ማቀበል ተማረ። ደብተሩን ወደ መራጩ ይዘን ስንሄድ ግን ሣቀና ሳይከፍተው መለሰልን።

ወደ ውጭ አገርም እንመልከት። የገናችን የሩቅ ዘመድ የሚመስለውን፣ በካናዳና በአሜሪካ በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን ሆኪ እንውሰድ። በዚያ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ተሰልፎ ሳለ ቡድኑ ያገባው ጎል ይደመርለታል፤ የገባበት ጎል ይቀነስበታል። የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ ይህን ቁጥር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1967-68 የውድድር ዘመን ጀምሮ በይፋ መዝግቦታል። እየዋለ ሲያድር ግን ጉድለቱ ታየ። በረኛው ደካማ በሆነ ቡድን ውስጥ የተሰለፈ ጎበዝ ያለ ጥፋቱ ይቀነስበታል። ጎል ደግሞ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ አጋጣሚ ይጫወትበታል። ኋላ ደጋፊዎች ራሳቸው ጎሉን ብቻ መቁጠር ትተው ምቱን ሁሉ፣ የገባውንም የዳነውንም የተጋረደውንም የሳተውንም፣ መቁጠር ጀመሩ። ይህ ቆጠራ በቡፋሎ ቡድን የበረኞች አሠልጣኝ በነበረው በጂም ኮርሲ ስም «ኮርሲ» ተባለ። መጀመሪያ ተሣቀባቸው፤ ዛሬ ግን ቡድኖቹ ራሳቸው ለዚህ ሥራ ባለሙያ ይቀጥራሉ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የተሳሳተ ቁጥር የሚታረመው በተሻለ ቁጥር ነው እንጂ ደብተሩን በመጣል አይደለም።

የራሳችንን ቤት ደግሞ እንይ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩት ከተማ፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ገጠመ። ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድናችን በ10 ሰው ቀርቶ፣ ጎልም ገብቶበት ሳለ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያዩ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ በየሻይ ቤቱ የተወራው ስለ ምን ነበር? ስለ ሳተው ፍጹም ቅጣት ምት! በዓለም ላይ የተደረገው ቆጠራ እንደሚያስረዳው ከ4 ፍጹም ቅጣት ምት የሚገባው 3 ያህሉ ነው። እንግዲህ ከታላላቆቹ መቺዎችም እጅ አንዱ መዳኑ ወይም መሳቱ የማይቀር ነው። በአንድ ምት ሰውን የሚኰንን ዓይን ፈራጅ ሳይሆን ቂመኛ ነው።

ሌላም እንጨምር። በዚያው በጥር 13 ቀን፣ በ1954 ዓ.ም.፣ አገራችን በአዲስ አበባ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። ያገቡትን በስማቸው እየጠራ የሚተርክ ሽማግሌ ዛሬም አለ። ክብር ለእነርሱ ይሁን! ነገር ግን ከኋላ ሆኖ ጭማሪውን ሰዓት ሁሉ በሩን የዘጋው ማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ ተራኪው ዝም ይላል። የሚታወሰው የተቆጠረው ብቻ ነው። የተቆጠረውም ጎል ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ስልኩን ከኪሱ ወደሚያወጣው ወንድማችን እንዞራለን። ለእርሱም የምንለው አለን። ቁጥር አፍ የለውም፤ የሚናገረው በቆጣሪው አፍ ነው። ቻርልስ ሪፕ የተባለ እንግሊዛዊ የአየር ኃይል የሒሳብ ሹም በ1950 እ.ኤ.አ. የእግር ኳስን እንቅስቃሴ በእርሳስ መመዝገብ ጀመረ። በትጋቱ እናደንቀዋለን። ከመዝገቡም አብዛኛው ጎል የሚገኘው ከሦስት ቅብብል በማይበልጥ እንቅስቃሴ መሆኑን አይቶ «ኳሱን ቶሎ ወደ ፊት አርቆ መምታት ይበጃል» ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። ይሁን እንጂ በራሱ መዝገብ ከአሥር እንቅስቃሴ ዘጠኙ ያህል ከሦስት ቅብብል የማይበልጥ ነበር። ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ የተሞከረ ነገር ከአሥር ስምንት ጎል ቢያስገኝ ይህ ብልጫ ነው ወይስ ጉድለት? ለዚህ መልስ የሒሳብ መምህር አያስፈልግም። ቆጠራው ልክ ነበር፤ ፍርዱ ግን ተሳሳተ። እንግሊዞችም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ረጅም ኳስ ሲመቱ ኖሩ።

ከእኛ አገር ምሳሌ የሚፈልግ ካለ ታምራት ቶላን ያስታውስ። ታምራት በኅዳር ወር 2023 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ሮጦ የውድድሩን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአንድ ወር በኋላ ሲሳይ ለማ በቫሌንሲያ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ሮጠ። ሰዓት ብቻ የሚያነብ ሰው ታምራት በሦስት ደቂቃ ያህል ያንሳል ይላል። ነገር ግን ቫሌንሲያ ሜዳ ነው፤ አሯሯጭም አለው። ኒው ዮርክ ድልድይና ዳገት የበዛበት፣ አሯሯጭ የሌለበት ነው። ለፓሪስ ኦሎምፒክ ታምራት ተጠባባቂ ተባለ። ሲሳይ ስለ ተጎዳ ግን በእርሱ ተተክቶ ሄደ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ዳገት በበዛበት በፓሪስ ጎዳና 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ አመጣ። ሰዓቱ አልዋሸም ነበር። ዳገቱን ሳይቆጥር ሰዓቱን ብቻ ያነበበ ሰው ግን ራሱን ያታልላል። ደገኞች ሆነን ዳገትን መቁጠር ብንረሳ ምን ይባላል?

«መቁጠር የፈረንጅ ነው» ለሚሉን ደግሞ አንድ ቃል አለን። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ጥሻ ለጥሻ ሲንከራተት የሚውለው ምን ሲያደርግ ነው? ቅኔ ሲቆጥር ነው! አባቶቻችን ለዚህ ረቂቅ ጥበብ የመረጡት ቃል «መቁጠር» የሚለውን ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ 3 ቤት ነው፤ መወድስ 8 ቤት ነው። ቤቱ የጎደለ መወድስ ምሥጢሩ ቢያምር እንኳ መምህሩ አይቀበሉትም። ቤቱ ሞልቶ ሰምና ወርቅ የሌለውንም እንዲሁ አይቀበሉትም። ቁጥሩ የመግቢያ በር ነው፤ ምሥጢሩ ቤቱ ነው። በሩን ሳያልፍ ወደ ቤት የገባ ሰው የለም፤ በር ላይ ቆሞ ቤት ገባሁ የሚልም ሞኝ ነው። እኛ ስለ ኳስ የምንለው ከዚህ የተለየ አይደለም።

እኛ ተማሪዎች በቁጥር መመዘን ምን እንደሆነ ከማንም የበለጠ እናውቀዋለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር ስለ አገሪቱ ትምህርት እውነቱን ተናግሯል፤ ባይቆጠር ኖሮ ጉዱ ተሸፍኖ ይኖር ነበር። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ተምሮ 49 ያመጣውን ልጅ ሁሉ በተሟላለት ትምህርት ቤት ተምሮ 51 ካመጣው አሳንሶ የሚያይ ሰው ዳገቱን አልቆጠረም። በሜዳም በክፍልም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቁጠሩን፤ ስትቆጥሩን ግን የወጣነውን ዳገት አብራችሁ ቁጠሩ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የግቢያችን ቡድን ሲመረጥ ምርጫው በአንድ ከሰዓት በኋላ መሆኑ ይቅር። ተጫዋቾች በብዙ ግጥሚያ ታይተው ይመረጡ።

ሁለተኛ፣ በየግጥሚያው ሁለት መዝጋቢዎች ከተለያየ ክፍል ይቀመጡ። እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ ይቁጠሩ፤ በኋላም መዝገባቸው ይመሳከር። ጎል ብቻ ሳይሆን መንጠቅም ማቀበልም ይጻፍ፤ ጓደኞቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ የተጋጠመውም ማንን እንደ ነበረ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ መራጩ ከመዝገቡ የተለየ ፍርድ ቢሰጥ መብቱ ነው፤ ዓይኑንም አንንቅም። ነገር ግን ምክንያቱን ይናገር። ምክንያቱን የማይናገር ፍርድ በዓይን ተፈረደ በሒሳብ ያው አድልዎ ነው።

የስታቲስቲክስ መምህሮቻችንም ከጥቁር ሰሌዳው ወደ ሜዳው ዳር ብቅ እንዲሉልን እንለምናለን። በክፍል ያስተማራችሁንን እዚያ ብታዩት ደስ ይላችኋል፤ ስሕተታችንንም ታርሙልናላችሁ።

ያ የገጠር ልጅ ዘንድሮም በመኝታ ቤቶች ግጥሚያ ላይ ኳስ እየነጠቀ ያቀብላል፤ አሁንም ጎል የለውም። ደብተሩ እኛ ዘንድ ነው። የሚያምንልን ሰው አንፈልግም፤ የሚመረምር ይምጣ።