የእባቡ ዋጋ ይታወቃል፤ የሙቀቱስ?

በፈረንጆቹ 2022 ማብቂያ፣ ብርዱ ሲገባ፣ ብሪታንያ ውስጥ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በአማካይ 34 ፔንስ ደርሶ ነበር። ከዓመት በፊት 21 ፔንስ ገደማ ነበር። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ስለነበር፣ መንግሥት ድጎማ ባያስገባ ኖሮ ከዚህም በባሰ። ለንደን የሚኖረው ሐበሻ ሳይቀር ማሞቂያ ላብራ ወይስ ጋቢ ልደርብ ያለበት ጊዜ ነው።

በዚያው ሰሞን አርኤስፒሲኤ የተባለው አንጋፋ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስለሚኖሩ እባቦችና እንሽላሊቶች ስጋቱን ተናገረ። ባለቤቶቻቸው የመብራት ሒሳቡን ፈርተው ማሞቂያቸውን እንዳያጠፉባቸው ነው።

«ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ስለ እባብ ይወራል?» የሚል አይጠፋም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ላደገ ሰው ደግሞ እባብን ከፍሎ ማሞቅ ራሱ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን እባቡ ወደ ማንችስተር ተሰዶ አልመጣም። ሮያል ፓይተን የሚባለውን ትንሽ ዘንዶ እንውሰድ። አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሣር ምድር ነው። በቤኒኗ ኡይዳ ከተማ ቤተ መቅደስ አለው፤ መንገድ ላይ የተገኘ እንደሆነ በክብር አንስተው ይመልሱታል። ለአሥርተ ዓመታት ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዙ ሺህ እየተጫነ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሄደው ይኸው እንስሳ ነው። ዛሬ ብዙው እዚያው ይራባል፤ ገላው ግን አሁንም የአፍሪካውን ሙቀት ይጠይቃል።

እባብ እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፤ ብርድ ልብስ ቢደራረብበትም ምንም አይፈይድለትም። ፓይተኑ በሣጥኑ አንድ ጫፍ 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ በሌላው ጫፍ 25 ዲግሪ ገደማ ማግኘት አለበት፤ ሲፈልግ ይሞቃል፣ ሲበቃው ይሸሻል። ሙቀቱ ከተቋረጠ የዋጠው አይጥ አይፈጭለትም፤ ሆዱ ውስጥ ሊበሰብስ ወይም ሊያስመልሰው ይችላል። ሳንባው ይታመማል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። አይጮኽም፤ ስለዚህ ባለቤቱ የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

በርካሽ ማሞቅም መዘዝ አለው። ገበያ ላይ የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ይሸጣል። እባቡ ሌላው ቦታ ሲቀዘቅዝበት ድንጋዩ ላይ ይጠመጠማል፤ ሆዱ እየተቃጠለ እንኳ አይነሳም። ከሥር የሚነጠፈው የማሞቂያ ምንጣፍም ቢሆን ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ከሌለው ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቴርሞስታት ሳይጨምር ማሞቂያ የሚሸጥ ነጋዴ ፍሬን የሌለው መኪና እንደሸጠ ይቆጠር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ቴርሞስታቱ ግማሹን ሰዓት ቢያጠፋው እንኳ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በ34 ፔንስ ሲመታ በዓመት ወደ 150 ፓውንድ ይመጣል። ተራ ቀለም ያለው ፓይተን ራሱ ከዚህ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ዕድሜው ደግሞ በሰው እጅ 20 እና 30 ዓመት ነው፤ እንዲያውም በ1961 ለአሜሪካው የሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ የተሰጠች አንዲት ፓይተን በ2020 እንቁላል ጥላለች። ለልጁ የልደት ስጦታ ብሎ የሚገዛ አባት ይህን ሁሉ ዓመት ያሰላል?

በእንግሊዝ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ የቤት እንስሳት ነጋዴ ፈቃድ እንዲያወጣና ስለ አያያዙ ለገዢው መረጃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጥሩ ነው። ግን እዚያው አገር ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው ዕቃው በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ፊቱ ላይ ለጥፎ ያሳያል። ፍሪጅ ቢጠፋ የሚበላሸው ወተት ነው። እባብ ከነሣጥኑ ሲሸጥስ ያችው አንዲት ቁጥር ለምን አትለጠፍም? መለኪያው አለ፣ ዋጋው ይታወቃል፣ ወጪው አንድ ወረቀት ነው። ገበያችን ይቀዘቅዛል የሚሉ ነጋዴዎች ይኖራሉ። ቁጥሩን አይቶ የሚመለስ ገዢ ግን ብርዱ ሲመጣ ሶኬቱን ሊነቅል የሚችለው ገዢ ነውና መመለሱ ይሻላል።

አስቀድሞ የገዛ ሰው ማድረግ የሚችለው አለ። ከመስታወት ይልቅ የእንጨት ሣጥን ሙቀት ይይዛል። ክፍሉን ሁሉ ከማሞቅ ሣጥኑን ብቻ ማሞቅ ይረክሳል። መብራት ከሄደ በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ጥቂት ሰዓት ያሻግራል። ከዚህ በኋላም አቅም ካልተገኘ፣ እባቡ ሳይታመም ለተቀባይ ማኅበር መስጠት ነው፤ ማሞቂያውን ነቅሎ ወይም በካርቶን አድርጎ ፓርክ ውስጥ ጥሎት መሄድ በሕግም ያስጠይቃል።