ሞተር ስትገዙ የፈረስ ጉልበት ብቻ አትጠይቁ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አይደለም የማወራው፤ ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። እኔ የእፅዋት ባለሙያ እንጂ የኤሌክትሪክ ሰው አይደለሁም፤ ግን ያየሁትን ዝም ልል አልቻልኩም።

አንድ የመስኖ ቡድን ሽንኩርቱ ኮረት መያዝ ሲጀምር ሞተሩ ተቃጠለበት። ገንዘብ አዋጥተው "ባለ 10 ፈረስ ጉልበት" ብለው ሌላ ገዙ። አብሬያቸው ሄጄ ነበር፣ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሲያስነሱት በደንብ ዞረ፤ ውሃው ግን ዳገቱን ሳያጋምስ ቀረ። "መብራቱ ደክሞ ነው" ተባለ። መብራት ሲጠበቅ ሦስት ቀን አለፈ፣ ሽንኩርቱም ጠወለገ። በኋላ ታርጋውን ስናነብ የድሮው 2900 ዙር በደቂቃ፣ አዲሱ 1450!

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የመብራቱ ድግግሞሽና በውስጡ ሽቦው የተጠቀለለበት የፖል ቁጥር። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ባለ 2 ፖል ወደ 3000፣ ባለ 4 ፖል ወደ 1500፣ ባለ 6 ፖል ወደ 1000 ዙር ይጠጋል። ሥራ ላይ ሲሆን ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ 2900 እና 1450 የተባለው ለዚህ ነው። የፈረስ ጉልበት የሚነግራችሁ የሚሸከመውን ሥራ እንጂ ፍጥነቱን አይደለም።

ታዲያ ቮልቴጅ ሲወርድስ? ፍጥነቱ የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ይልቅ ሞተሩ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። መብራት ሲደክም ማጥፋት ነው እንጂ "ቀስ ብሎ ይሥራ" ማለት አያዋጣም። (በፀሐይ የሚሠራ ባለ ኢንቨርተር ፓምፕ ያላችሁ ግን፣ ደመና ሲመጣ የሚዘገየው ኢንቨርተሩ ድግግሞሹን ስለሚቀንሰው ነው፤ አትደንግጡ።)

የፓምፕ ነገር ደግሞ ይብሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ውሃ የሚገፋበት ከፍታ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 40 ሜትር ያወጣ የነበረው 10 ሜትር ላይ ይቆማል። በተቃራኒው ለ1450 የተሠራን ፓምፕ በ2900 ካዞራችሁት ስምንት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ ሞተሩ አይችለውም። በቺንጋ የሚዞር ወፍጮ ከሆነ ፑሊ በመቀየር ይስተካከላል። በቀጥታ የተገጠመ ፓምፕ ግን ይህ ዕድል የለውም።

በሬ ስንገዛ ጥርሱን ሳናይ ብር አንቆጥርም። ሞተር ላይ ሲሆን ለምን እንቸኩላለን? ሻጮችም ቢሆኑ "ለምን ሥራ ነው? የድሮው ስንት ዙር ነበር?" ብለው መጠየቅ አለባቸው ባይ ነኝ። አሁን ሞተራችሁ በደህናው ሳለ ሂዱና ታርጋውን ጠርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የፓምፑንም እንደዚሁ። ሽቦ የምታስጠቀልሉም ከሆነ ያንኑ ፎቶ ለጠቅላዩ አሳዩትና የፖሉን ቁጥር እንዳይቀይር ንገሩት።