«ቆይቶ ይናገራል» እያሉ መጠበቅ

በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ልጁ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታለት ወላጅ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፦ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ሁለት ቋንቋ ተደባልቆበት ነው።» ከደግነት የመጣ ምክር ቢሆንም ስህተት ነው፤ መዘግየቱ የኦቲዝም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝምን አያመጣም፤ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደሚጎዳም ጥናቶች አላሳዩም። አማርኛን ከቤት ማስወጣት ልጁን ከአያቱ ይነጥለው እንደሆነ እንጂ አንደበቱን አይፈታም። የሚረዳው ለአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት በጽሑፍ የግምገማ ጥያቄ ማቅረብ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከ3 ዓመት ጀምሮ ግምገማውን በነፃ ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ላሉትም የተለየ ፕሮግራም አለ። አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው፤ አያሳፍርም።

«አሜሪካኖች ለሁሉም ስም ይለጥፋሉ፤ ልጄ አንዴ ከተመዘገበ አይለቀውም» የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። የቴክሳስ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ያሳያል፦ ግዛቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያገኙ ተማሪዎች ከ8.5 በመቶ እንዳይበልጡ የሚገፋ መለኪያ ለዓመታት ነበረው። ሂዩስተን ክሮኒክል ጋዜጣ በ2016 ካጋለጠው በኋላ፣ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2018 ግዛቱ ሕግ መጣሱን አረጋገጠ። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ዝም ያለ ወላጅ ልጅ በቀላሉ ይታለፋል። አገር ቤት ዘሚ የኑስ የተባለች እናት በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት በሩን ራሷ መሥራት ነበረባት፤ እዚህ በሩ አለ፣ ግን ማንኳኳት ያስፈልጋል። በመንግሥት የጤና መድን በሜዲኬይድ በኩል ለሚሰጠው የረጅም ጊዜ የቤትና የማኅበረሰብ ድጋፍ የቴክሳስ የተጠባባቂዎች ዝርዝር ብዙ ዓመት ይወስዳልና፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስሙን ማስመዝገብ ይገባል።